የሰኔ ሚካኤል ፋይል

ሰኔ 17 ቀን፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ላይ የቡሬና የፈረስ ቤት ከተሞች መጋዘኖችን ፍኖተ ሰላም ካለው ዋና መሥሪያ ቤታቸው ጋር የሚያገናኛቸው መስመር በአንድ ጊዜ ተቋረጠ።

በሁለቱም መጋዘኖች በር ላይ ከንጋት ጀምረው ማዳበሪያ ለመውሰድ የተሰለፉ ገበሬዎች ነበሩ። የማን ድርሻ ስንት እንደሆነ የሚያሳየው ዝርዝር ያለው ፍኖተ ሰላም በሚገኘው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። የመጋዘኑ ጸሐፊ ስም ይጠራል፣ ስክሪኑ ላይ ዝርዝሩን ያያል፣ ከዚያ ጆንያው ይወጣል። ዝርዝሩ ካልታየ አንድም ጆንያ ንቅንቅ አይልም። ደንቡ የወጣው በወረቀት ዝርዝር ስንት ጭቅጭቅ ከተነሣ በኋላ ነበር። ስለዚህ መስመሩ በጠፋባቸው ሰዓታት ከሁለቱም መጋዘኖች የወጣ ማዳበሪያ የለም። የጆንያዎቹን ቆጠራ ያደረጉት ሌሎች ናቸው፤ የፈረሙበትን ወረቀት ግን አይቻለሁ።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ የቡሬው ሰልፍ የራሱን ፍርድ ሰጥቶ ነበር። "ዝርዝሩን ደብቀውት ነው፤ ማዳበሪያው በጓሮ ለነጋዴ ሊወጣ ነው" ተባለ። እኛ አካባቢ መስመር ሲቋረጥ "ምን ሆነ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። "ማን ቆረጠው?" ነው የሚባለው። ወሬው ቢሮዬ ሲደርስ እኔም መጀመሪያ የጠየቅሁት ይህንኑ ነው።

መሥሪያ ቤቱ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየን ነው። እኔ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛው ነኝ። ከዚያ በፊት ከሃያ ዓመት በላይ ዘጋቢ ነበርሁ። እጄ ስለሚጽፍ ኮሚቴ በተቋቋመ ቁጥር ጸሐፊ የምደረገው እኔ ነኝ። በዚያ ሰኞ ከሰዓት በኋላም ሦስት ሰዎች ያሉበት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ጸሐፊው እኔ ሆንሁ። ሰብሳቢው የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ነው። የቡሬ ልጅ ነው፤ ሲናገር ጠረጴዛውን በጣቱ የሚመታ፣ ሰው የሚያከብረው፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰው። ሦስተኛዋ ከሰው ኃይል ክፍል የመጣች ሴት ናት። ብዙ አትናገርም።

የምናጣራው በአንዲት ሴት ጉዳይ ላይ ነበር። የኔትወርክ ባለሙያዋ ሃያዎቹን ያልጨረሰች፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ልጅ ናት። የጠፋውን መስመር ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ላይ የመለሰችው ራሷ ናት። የታገደችበት ደብዳቤ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ደረሳት። ደብዳቤው ውስጥ "ሆን ብላ" የሚሉ ሁለት ቃላት ነበሩ። የኮሚቴው ሪፖርት እነዚህን ቃላት ካጸናቸው ጉዳዩ ለፖሊስ ይተላለፋል፤ ካላጸናቸው ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። በዚህ ጊዜና በዚህ አገር "ሆን ብላ መስመር ቆረጠች" የሚል ወረቀት ፖሊስ ጣቢያ ቢገባ ምን እንደሚከተል የማያውቅ ሰው በስብሰባው ክፍል ውስጥ አልነበረም።

ማክሰኞ ሰኔ 18 ቀን ጠራናት። ከመቀመጧ በፊት ወደ ደብተሬ አየች።

"ጋሼ፣ የሚጽፉት እኔ ያልሁትን ነው ወይስ እነሱ ያሉትን?"

"አንቺ ያልሽውን።"

"እንግዲያው 'ሆን ብላ' ያለው ማነው? እኔ አላልሁም።"

"ቁጭ በይ" አላት ሰብሳቢው። "ጠያቂው እኛ ነን።"

ተቀመጠችና አስረዳችን። እንደገባኝ ላስቀምጠው። በእያንዳንዱ መጋዘን መስመሩን የሚቀበል አንድ መሣሪያ አለ። መሣሪያው ማን እንደሆነ፣ አድራሻው ስንት እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንዲነጋገር እንደተፈቀደለት የሚነግረው የቅንብር ፋይል የሚባል ነገር ነው። መሣሪያዎቹን ሁሉ ከአንድ ቦታ የሚቆጣጠረው ሶፍትዌር ያለው እሷ ጠረጴዛ ላይ ነው። ቅዳሜ ሰኔ 15 ቀን ከሰዓት በኋላ ቡሬ ላይ መብረቅ ወደቀና የመጋዘኑን መሣሪያ አቃጠለው። ሰኞ ጠዋት መለዋወጫ ተገጠመና በጊዜያዊ አድራሻ ከመስመሩ ጋር ተገናኘ። አዲስ መሣሪያ ግን ማንነቱን አያውቅም። የተቃጠለው ይሠራበት የነበረው ፋይል ቅጂው ወደ ሶፍትዌሩ ይገባል፤ ሶፍትዌሩ ለአዲሱ ይልክለታል፤ አዲሱም የሟቹን ስም ይዞ ይነሣል። ፋይሉን ያስገባችው ሦስት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ላይ ነው። ከሁለት ደቂቃ በኋላ መጋዘኖቹ ጠፉ።

"ፋይሉ አሮጌ ነበር" አለች። "ግንቦት መጨረሻ ላይ የፈረስ ቤት መጋዘን ሲከፈት የቡሬን የድሮ አድራሻ ለእሱ ሰጠነው፤ ለቡሬ አዲስ ሰጠነው። እኔ ያስገባሁት ከዚያ በፊት የተቀዳ ሆኖ ተገኘ። ቡሬ የድሮውን አድራሻ ይዞ ተነሣ። አሁን ሁለት ገበሬ አንድ የኩፖን ቁጥር ይዘው ሰልፍ ላይ ቢገናኙ ምን ይሆናሉ?"

"ይደባደባሉ" አለ ሰብሳቢው።

"በቃ። ተደባደቡና ሁለቱም ወደቁ።"

"አሮጌ ፋይል ለምን አስገባሽ?"

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የእኛ አገር ነገር የሆነው። ከእሷ በፊት የነበረው ባለሙያ ከቅኔ ቤት ወጥቶ ኮምፒውተር የተማረ ሰው ነበር። መጋዘኖቹ ጋ መብራት በሄደ ቁጥር የመሣሪያዎቹ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። መብራት ደግሞ ሳይሄድ የሚውልበት ቀን የለም። ስለዚህ የተቀዱት ፋይሎች ሁሉ ላይ ያለው ቀን አንድ ነው፤ እኛ ከመቀጠራችን በፊት የነበረ አንድ ቀን። በቀን መለየት ስላልተቻለ ሰውየው በየመጋዘኑ ኮምፒውተር ላይ አራት ፎልደር ከፈተ፤ አቦ፣ ሚካኤል፣ ማርያም፣ በዓለ ወልድ። የመጋዘኑ ጸሐፊ ወር በገባ በአምስት፣ በአሥራ ሁለት፣ በሃያ አንድና በሃያ ዘጠኝ ቀን አንድ ቁልፍ ይጫናል። ፋይሉ በዕለቱ ስም በተሰየመው ፎልደር ውስጥ ይቀዳል፤ ያለፈው ወር ፋይል ይጠፋል። መስመር ሲኖር ፎልደሩ እንዳለ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል። ከዚያ ጸሐፊው ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ቅጽ ላይ ምልክት ያደርጋል። የቡሬ ሰው ቀን ቢረሳ በዓል አይረሳም። አሠራሩ ለሦስት ዓመት ያለ ችግር ሠርቷል።

"መብረቁ የወደቀው በአሥራ አምስት ነው" አለች። "ከዚያ በፊት ያለው የመጨረሻ ቅጂ የሚካኤሉ ነው። ሰኞ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ቡሬ ደውዬ 'የሚካኤሉ ተቀድቷል?' ብዬ የመጋዘኑን ጸሐፊ ጠየቅኋቸው። 'ተቀድቷል፤ ምልክት አድርጌበታለሁ' አሉኝ። አስገባሁት። ውስጡ ያለው የግንቦት ሆኖ ተገኘ።"

"የሰኔውስ የት ሄደ?"

"እሱን ለእኔም ንገሩኝ።"

ጸሐፊ ብሆንም አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ከማስገባቷ በፊት ሶፍትዌሩ የፋይሉን ይዘት ያሳይ እንደሆነ ጠየቅኋት። የመለሰችው ቀስ ብላ ነው።

"ያሳያል። ከፍቼ ማየት ነበረብኝ። አላየሁም። ሰልፉ ይጮህ ነበር፣ ስልኩ ይጮህ ነበር፤ 'ቀጥል' የሚለውን ተጫንሁት። ይጻፉት።"

ጻፍሁት።

ስትወጣ ሰብሳቢው ከፊቱ ካለው የወረቀት ማኅደር ውስጥ አንድ ደብዳቤ አወጣ። ከቡሬ መጋዘን በዚያው ጠዋት የመጣ ነው። ሰኔ 12 ቀን ቅጂው መወሰዱ "በቅጹ ላይ በተደረገ ምልክት የተረጋገጠ" መሆኑን ይገልጻል። የመጋዘኑ ጸሐፊ ፊርማና ክብ ማኅተም አለበት።

"ይኸው" አለ ጠረጴዛውን እየመታ። "የሰኔው ተቀድቷል። ተቀድቶ ከጠፋ ያጠፋው ሰው አለ። ፎልደሩ የነበረበት እጅ የማን ነው? የእሷ። ሌላ ምን እንፈልጋለን?"

አነጋገሩ ቀዳዳ አልነበረውም። እውነቱን ለመናገር እኔም በዚያን ቀን የማስበው ከእሱ ብዙ የራቀ አልነበረም። ወንድሟ ቡሬ ላይ የእህል ደላላ ነው። ይህን የነገረኝ ሰው ወሬኛ ስለሆነ ራሴ አጣራሁ፤ እውነት ነው። የመጋዘኑ ጸሐፊ በስልክ ሲጠየቁ "የደወለችልኝ የመሣሪያውን ብሎን ስለማጥበቅ ነው፤ ስለ ሚካኤል ያነሣነው ነገር የለም" አሉ። መደወሏ ስልኳ ላይ አለ፤ ምን እንደተባባሉ ግን ስልክ አይናገርም። የሶፍትዌሩን መዝገብ አትሜ አየሁት። ማን ምን ፋይል እንዳስገባ ይጽፋል እንጂ ፎልደር ውስጥ ማን ምን እንደተካ አይጽፍም። ሰብሳቢው መዝገቡን ተቀብሎ "ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ ስምንት! ሦስት ሰዓት ነው ብላን አልነበረም? ዋሸች" አለ። የሰው ኃይሏ ሴት ቀና ሳትል "ማሽን ነው ጋሼ፤ ስድስት ይቀንሱለት" አለችው።

አንድ ነገር ብቻ አልዋጥልህ አለኝ። ደብዳቤው ስለ ቅጹ ይናገራል፤ ቅጹ ግን አልመጣም። በዘጋቢነቴ ዘመን ስለ ወረቀት የሚናገር ወረቀት ሲሰጠኝ የመጀመሪያውን ወረቀት ሳላይ አንድ መስመር አልጽፍም ነበር። ሰብሳቢውን ቡሬ ሄጄ ቅጹን ልይ አልሁት።

"ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይዘህ ምን ልታይ?"

"ቅጹን።"

"መንገዱም እንደምታውቀው ነው። ለምን ትደክማለህ?"

መንገዱ እንደማውቀው ነበር። ረቡዕ መኪና አልነበረም። ሐሙስ ሰኔ 20 ቀን ጠዋት ሚኒባስ ተገኘ። ማንኩሳን ሳናልፍ ወሬው ተጀመረ።

"ያችን መስመር የቆረጠችዋን ልጅ አሰሯት?" አለ ከኋላ አንዱ።

"ታሰረች አሉ" አለች ነጠላ ያጣፋች ሴት። "ወንድሟ እኮ ሁለት መኪና ገዝቷል።"

"በኛ ማዳበሪያ!"

"በማን ይሆን እንግዲያ፣ በአባቱ ማሳ?"

ሳቁ። አልታሰረችም። ወንድሟም መኪና የለውም፤ በኋላ እንዳጣራሁት የሚነዳው የሰው ባጃጅ ነው፣ ድለላው ሲቀዘቅዝ። በሚኒባሱ ውስጥ ግን የወንድሟን ነገር ገና አላውቅም ነበር።

የመጋዘኑ ጸሐፊ ወደ ስድሳ ዓመት የተጠጉ፣ የመነጽራቸውን እጀታ በክር ያሰሩ ሰው ናቸው። ግቢው በገበሬ ተሞልቷል፤ መስመሩ ይሠራል፣ ጆንያ ይወጣል። አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ።

"እንደምን ሰነበትህ ወንድሜ። በደኅና?"

"በደኅና። እርስዎ ደኅና ነዎት? ቅጹን ለማየት ነው የመጣሁ።"

"ደብዳቤውን ልኬ የለም እንዴ?"

"ልከዋል። ቅጹን ነው።"

"ደብዳቤው እኮ ማኅተም አለው።"

"አለው።"

"ቅጹ ማኅተም የለውም።"

"አውቃለሁ።"

ከዚያ ከውጭ አንድ ገበሬ "ኧረ ያባት ያለህ፣ ስሜን ጥሩኛ! ዝናቡ መጣ!" ብሎ ሲጮህ በእጃቸው ወደ ግድግዳው አመለከቱኝና ወጡ።

ቅጹ ከጠረጴዛው በላይ በሁለት ምስማር ተሰቅሏል። ለእያንዳንዱ ወር አራት ሳጥን አለው። የሰኔን ረድፍ በጣቴ ተከተልሁ። አቦ፣ ምልክት አለው። ሚካኤል፣ ምልክት አለው። ደብዳቤው ትክክል ነበር። ጣቴን ሳላነሣ ቀጠልሁ። ማርያም፣ ምልክት አለው። በዓለ ወልድም ምልክት አለው። አራቱም በአንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ የተሠሩ ናቸው፤ አንድ ዓይነት ውፍረት፣ አንድ ዓይነት ዝንባሌ።

ዕለቱ ሰኔ 20 ነበር። ማርያም ነገ ነው። በዓለ ወልድ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

በስልኬ ሦስት ጊዜ ፎቶ አነሣሁት፤ አንዱን ከጎኑ ካለው የቀን መቁጠሪያ ጋር። ወንበር ስቤ ተቀመጥሁና እስኪመለሱ ጠበቅሁ።

"ዛሬ ስንት ነው?" አልኋቸው።

"ሃያ።"

"የማርያም ተቀድቷል?"

"ማርያም ነገ አይደለም እንዴ?" አሉና ወዲያው ወደ ግድግዳው ዞሩ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉት። "ወር ሲገባ ነው ምልክቱን የማደርገው። እንዳልዘነጋ። መቅዳቱን በቀኑ እቀዳለሁ።"

"የሰኔ ሚካኤልንስ በቀኑ ቀዱት?"

"ተቀድቷል።"

"ሰኔ 12 ቀን ቢሮ ገብተው ነበር?"

"እንዴት ያለ ጥያቄ ነው! የሥራ ቀን አይደለም እንዴ?"

ይህ እውነት ነው። ሰኔ 12 ቀን ረቡዕ ነበር፤ በመንግሥት ዝርዝር ውስጥ በዓል አይደለም። የሰኔ ሚካኤል ግን በእኛ አገር በወር በወር ከሚመጣው ሚካኤል ጋር አንድ አይደለም። ዓመታዊ ንግሥ ነው። በዚያ ቀን በሬ የሚጠምድ ገበሬ አላውቅም።

እሳቸውን ትቼ ወደ በሩ ሄድሁ። ዘበኛው ቡሬ ገበያ ውስጥ ሱቅ ካላቸው የሙስሊም ቤተሰቦች የተወለደ፣ ጢሙን ሂና የነከረ ሽማግሌ ነው። ቁልፍ የሚያስፈርምበት ደብተር አለው። ማን ስንት ሰዓት ቁልፍ እንደወሰደና እንደመለሰ በአንድ እጅ ጽሕፈት ተጽፎበታል። የሰኔ 11 መስመር ተሞልቷል። የሰኔ 13 መስመር ተሞልቷል። በመካከላቸው ያለው መስመር ቀኑ ብቻ ተጽፎበታል፤ ሌላው ባዶ ነው።

"አሥራ ሁለት ቀን ቁልፍ የወሰደ የለም?"

"ማን ይወስዳል? በዓሉ የነሱ ነው፤ ቁልፉ ግን የኔ ነው። ከኪሴ አልወጣም።"

"ይህን ለማን ነገሩ?"

"ማን ጠየቀኝ? እኔ ሳይጠሩኝ አቤት የምል ሰው አይደለሁም።"

"ጸሐፊው የት ዋሉ?"

ሳቀ። "ጽዋው የሳቸው ተራ አልነበረም? ሰው ግቢያቸውን ሞልቶት ዋለ። የፋሲካው ሃምሳ ቀን ስላልወጣ ረቡዕም ቢሆን በግ ታርዷል። እኔ ሥጋቸውን አልበላም፤ ቆሎና ለስላሳ ተላከልኝ። ያመጣልኝ ማን እንደሆነ ልንገርህ?"

"ይንገሩኝ።"

"የናንተው ትልቁ ሰውዬ። ያ የንብረቱ ኃላፊ። በእጁ ይዞ መጣ፣ እዚችው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ፣ 'ዛሬ ብቻህን ትጠብቃለህ' አለኝ። ትሑት ሰው ነው፤ አላህ ይስጠው።"

ቃሉን እንዳለ ደብተሬ ላይ አሰፈርሁት። ሰብሳቢያችን ሰኔ 12 ቀን በዚህ በር ላይ ቆሟል። ቢሮው ተዘግቶ እንደነበር አይቷል። ከስድስት ቀን በኋላ ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ አውጥቶ ጠረጴዛ እየመታ "ይኸው" ብሎናል።

ይህ ግን የአንድ ሰው ቃል ነው። ከበሩ ፊት ለፊት ሻይ የምታፈላውን ሴት ጠየቅሁ። ቢሮው በዚያ ቀን ተዘግቶ መዋሉን አረጋገጠች፤ ሻይ የሚጠጣባት ሰው አጥታ ስለነበር አልረሳችውም። የንብረት ኃላፊውን ግን አላየችም። እንዳለችው ጻፍሁት፤ ስለ ቢሮው ሁለት ምስክር፣ ስለ ሰብሳቢው አንድ።

ስመለስ የመጋዘኑ ጸሐፊ እስከ መናኸሪያው ሸኙኝ። ዝናብ ጀምሮ ነበርና ጥላቸውን ለሁለት ያዝነው። ብዙ ከሄድን በኋላ ነው የተናገሩት።

"ወንድሜ፣ ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። በሥራ ቀን ቢሮ ዘግቼ ዝክር ደገስሁ ከተባለ እነዚህን ሁለት ዓመታት አላያቸውም። እሷ ወጣት ናት። ቢያባርሯት ሌላ ሥራ አታጣም።"

"የተዘጋጀው ወረቀት የማባረሪያ አይደለም። ለፖሊስ የሚላክ ነው።"

ቆሙ። ጥላው ከእኔ ራስ ላይ ሄደ።

"ለፖሊስ? ማን አለ?"

"ሰብሳቢው።"

"ለኔ እንዲህ አላለኝም" አሉ። ምን እንዳላቸው ጠየቅኋቸው። አልመለሱልኝም። ረዳቱ "ፍኖተ ሰላም! አንድ ሰው! አንድ ሰው!" እያለ ይጣራ ስለነበር ገባሁ።

ሰኞ ሰኔ 24 ቀን ኮሚቴው እንደገና ተቀመጠ። ፎቶዎቹን፣ የቁልፍ ደብተሩን ገጽና የሁለቱን ሰዎች ቃል በተራ አነበብሁ። የዘበኛው ቃል ውስጥ ስለ ሰብሳቢው ያለችውን ዓረፍተ ነገር ስደርስ ድምፄን ከፍም ዝቅም አላደረግሁ። እሱ ጣቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሣ።

"ምልክት ቀድሞ ማድረግ ማን የማያደርገው ነገር ነው?" አለ። "እዚህ ቤት የሰዓት ፊርማ የሳምንቱን ሰኞ ጠዋት የማይፈርም ማነው? አንተ አትፈርምም?"

"ፈርሜ አውቃለሁ።"

"እንግዲያው?"

"እንግዲያው ቅጹ ሚካኤል መቀዳቱን አያረጋግጥም። የበዓለ ወልድን እንዳላረጋገጠ ሁሉ።"

"ሽማግሌ ሰው ልታዋርድ ነው። ለአንዲት..." አለና አቆመ።

የሰው ኃይሏ ሴት እስከዚያ ድረስ የእስክሪብቶዋን ክዳን ስትከፍትና ስትዘጋ ነበር። ክዳኑን ገጠመችው።

"ጋሼ፣ ሰኔ 12 ቀን የት ዋሉ?"

በመስኮቱ ከግቢው የጫኞች ድምፅ ይሰማል።

"ቡሬ" አለ።

"ፈቃድ ሞልተው ነበር?"

"የጽዋ ማኅበሬ ነው። ከአባቴ የወረስሁት ነው። ሚካኤልን ትቼ ፈቃድ ስሞላ ልዋል?"

"እሱን አልጠየቅሁም። የመጋዘኑ ቢሮ ክፍት ነበር?"

ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ደብተሬ አየሁ።

"አልነበረም።"

"ይጻፍ" አለችኝ።

ጻፍሁት። ሌላ ነገር ተናገረ፤ ስለ ልጅቱ ወንድም፣ ስለ ሰልፉ ጩኸት፣ "ሰው መልስ ይፈልግ ነበር" ስለሚባለው ነገር። ከመጋዘኑ ጸሐፊ ጋር ደብዳቤው ከመላኩ በፊት ተነጋግረው እንደሆነ ጠየቅሁት። "ሰላምታ ተለዋውጠናል" አለ። ከዚህ በላይ ማረጋገጥ አልቻልሁም። በሪፖርቱ ውስጥም ከዚህ በላይ አልጻፍሁም።

ረቡዕ ሰኔ 26 ቀን በሚኒባስ ሹፌር እጅ አንድ የታጠፈ ወረቀት ከቡሬ መጣልኝ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ጥሩ የቄስ ትምህርት ቤት ጽሕፈት። የመጋዘኑ ጸሐፊ ሰኔ 12 ቀን ቢሮ እንዳልገቡና ፋይሉን እንዳልቀዱ፣ ሰኔ 17 ቀን ባለሙያዋ በስልክ ስትጠይቃቸው ተቀድቷል ብለው እንደመለሱላት፣ ይህንንም በገዛ እጃቸው እንደጻፉ ይናገራል። ፊርማ አለው። ማኅተም የለውም።

ሪፖርቱን ያን ቀን አጠናቀቅሁ። በሚካኤል ፎልደር ውስጥ የነበረው ፋይል የግንቦት 12 ቀን ቅጂ መሆኑ፣ የሰኔ ቅጂ ተወስዶ የማያውቅ መሆኑ፣ ስለዚህም የጠፋ ወይም የተተካ ፋይል አለመኖሩ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሰፈረ። ባለሙያዋ ፋይሉን ከፍታ ሳታይ ማስገባቷም ሰፈረ፤ ለዚህ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። "ሆን ብላ" የሚሉት ቃላት በሪፖርቱ ውስጥ የሉም። ሦስታችንም ፈረምን፤ ሰብሳቢው መጨረሻ ፈረመ።

በማግስቱ ግቢ ውስጥ አገኘኋት። ማስጠንቀቂያውን በእጇ ይዛለች።

"አላየችም የሚለውን ግን አልሰረዙልኝም።"

"አላየሽም እኮ።"

"አላየሁም" አለች። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። "ወንድሜ ቡሬ ላይ ባጃጁን አልነዳም አለ። የሚሳፈሩት ሁሉ ስለኔ ነው የሚያወሩለት። 'የማን ወንድም እንደሆንሁ ሳያውቁ ይሰድቡሻል፤ ሒሳብ ልቀበል ወይስ ልደባደብ?' ይለኛል።"

"ምን አልሽው?"

"ሒሳብ ተቀበል አልሁት።"

ሰኔ 28 ቀን፣ ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የይለፍ ቃሏ ተመለሰላት። በሶፍትዌሩ መዝገብ ላይ ከዚያ በኋላ በስሟ የተመዘገበው የመጀመሪያ መስመር ስድስት ሲቀነስለት ሁለት ሰዓት ከአርባ አንድ ይላል፤ ቦታው ቡሬ፣ ሥራው ፋይል ከፍቶ ማየት።